«ፎርማት ይደረግ» ስለሚባለው ፍርድ

የቤት ኮምፒዩተር ሲበላሽ በአገራችን የሚታዘዝለት መድኃኒት ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ቢዘገይ ፎርማት፤ ፊደሉ ቢበላሽ ፎርማት፤ ኢንተርኔት አልከፍት ቢል ፎርማት። ከቦሩ ሜዳ ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ደሴ ካሉት ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ የሚገባ ሰው የብልሽቱን ዝርዝር ተናግሮ ሳይጨርስ ይህን ቃል ይሰማል። «የምትፈልገው ፋይል አለ ወይ?» ተብሎ ከተጠየቀ ዕድለኛ ነው። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን ይረከባል፤ ማሽኑም እንደ አዲስ ፈጥኖ ይሠራል፤ ነገር ግን የእድሩ መዝገብ፣ የልጁ የመመረቂያ ጽሑፍና የሟች አባቱ ፎቶግራፍ በውስጡ የሉም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ይህንኑ ምክር ነው። ሒስ የሚገባው ለልብ ወለድና ለቲያትር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ፣ ሕዝብ አምኖ የሚታዘዝለት ንግግር ሁሉ ሊመረመር እንደሚገባው እናሳስበዋለን። «ፎርማት ይደረግ» ደግሞ በየቀኑ የሚነገርና ብዙ ሰው ያለ ክርክር የሚታዘዝለት ንግግር ነው። የእኛ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ የኮምፒዩተር ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በስክሪኑ ላይ ይገልጣል፤ የተገለጠውም ሊነበብ የሚችል ነው። ሳያነቡ መደምሰስ ግን ጥገና ሊባል አይገባውም።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። ፎርማት ማለት ዲስኩን እንደ አዲስ ማሰናዳት ማለት ነው። ፈጣን የሚባለው ፎርማት በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አይፍቅም፤ የሚያጠፋው የትኛው ፋይል የት እንደ ተቀመጠ የሚያመለክተውን ማውጫ ነው። ማውጫው የተቀደደ መጽሐፍ ገጾቹ እንዳሉ እንደሚቀሩ ሁሉ ፋይሎቹም ለጊዜው በቦታቸው ይኖራሉ፤ ነገር ግን አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን በእነርሱ ላይ ይጻፍባቸዋል። ሙሉ የሚባለው ፎርማት ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ በዲስኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ስለሚጽፍ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ኤስኤስዲ በሚባለው አዲስ ዓይነት ዲስክ ላይ ደግሞ ፈጣኑም ቢሆን ተስፋውን እጅግ ያጠበዋል። ስለዚህ ፋይሉ ሳይገለበጥ ፎርማት የተደረገበት ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ ኮምፒዩተሩን ወዲያው ማጥፋትና ምንም ነገር አለመጫን ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ፋይሉ እንደ ጠፋ ባወቀ ጊዜ መፈለጊያ ፕሮግራም በዚያው ዲስክ ላይ ይጭናል፤ በዚህም ሊያድነው የፈለገውን ነገር በገዛ እጁ ይደመስሰዋል።

ቦሩ ሜዳ በታሪክ ስሟ የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በ1870 ዓ.ም. በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ፍርዱ ምን ያህል አስቀድሞ የተቆረጠ ነበር የሚለውን ለታሪክ ተማሪዎች እንተወውና፣ ቢያንስ ተከራካሪዎቹ ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል። የቤት ኮምፒዩተር ይህንን ያህል እንኳ አላገኘም።

ወደ ምሳሌዎቹ እንለፍ። የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ይህንም ከሌሎቹ ይልቅ ሰፋ አድርገን የምናየው ከእኛ አቆጣጠር ጋር የተያያዘ ልዩ ብልሽት ስለ ሆነ ነው። ኮምፒዩተሩ ኢንተርኔት እያለው ድረ ገጽ አልከፍት ይላል፤ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያም በእንግሊዝኛ ያወጣል። ባለቤቱ ቫይረስ ነው ይላል፤ ጠጋኙም ቫይረስ ነው ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያስረዱበት የምስክር ወረቀት አላቸው፤ በዚያም ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የጸና ነው የሚል የተወሰነ ጊዜ አለበት። ከሴፕቴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጥ እንዲህ ያለ የምስክር ወረቀት ዕድሜው ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደርጓል። ኮምፒዩተሩ ይህን ቀን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። የራሱ ሰዓት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ፣ የዛሬው የምስክር ወረቀት ለእርሱ ገና ያልተጻፈ ነውና አይቀበለውም።

ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚቀረው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ፣ ባለቤቱ ራሱ የእኛን ዓመተ ምሕረት ስለ ሞላበት ነው፤ የእኛ 2018 ለኮምፒዩተሩ የፈረንጆቹ 2018 ነው። ሁለተኛው፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ስላለቀች ነው። ይህች ባትሪ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቀጥል ናት፤ እርሷ ከደከመች መብራት በጠፋ ወይም ሶኬት በተነቀለ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ወደ አንድ የድሮ ቀን ይመለሳል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ቀኑን ማንበብ ብቻ ነው። ዓመቱ ልክ የእኛ ዓመት ከሆነ ሰው የሞላው ነው፤ ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደገና ወደ ኋላ ከሸሸ ባትሪው ነው። ለአንደኛው ቀኑን ማረም፣ ለሁለተኛው ባትሪውን መለወጥ ይበቃል። ፎርማት ግን አንዱንም አይፈውስም፤ ሰዓቱ የሚኖረው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ነውና። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ። ጠጋኙ አዲሱን ዊንዶውስ ከጫነ በኋላ ቀኑን ያስተካክለዋል፤ ድረ ገጹም ይከፈታል፤ ምስጋናው ሁሉ ግን ለፎርማቱ ይሰጣል። ሕመሙን የፈወሰው የመጨረሻው የግማሽ ደቂቃ ሥራ መሆኑን ማንም አያስተውልም።

የእኛን ዓመት ለምን ይሞላል ብሎ በባለቤቱ የሚስቅ ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አንስቅም። ቀን የሚጠይቅ መሣሪያ በቤቱ ያስገባ ሰው በቤቱ የሚቆጠረውን ቀን ቢመልስለት ጥፋተኛው ማን ነው? ዊንዶውስ በአማርኛ ቢደረግ እንኳ የወር ስም ሲጽፍ «ሴፕቴምበር» ይላል እንጂ «መስከረም» አይልም፤ ጳጉሜን የሚባል ወርም አያውቅም። ቋንቋውን ተርጉሞ ዘመኑን ሳይተረጉም የቀረ ሥራ ነው ማለት ነው።

ስለ ሰዓቱ ግን አንድ ብልኀት አለ፤ ለአንባቢ ይጠቅማል ብለን እንጽፈዋለን። በእኛ አነጋገር ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ይለያል። ይህን ለማስተካከል መርፌውን በስድስት ሰዓት ማዛባት ስሕተት ነው። ይልቁንስ በዊንዶውስ የአገሮች ሰዓት ዝርዝር ውስጥ በናይሮቢ ፈንታ የቦነስ አይረስን ሰዓት መምረጥ ይቻላል። ከግሪኒች ሦስት ሰዓት የምንቀድም ስለ ሆነና ቦነስ አይረስም ሦስት ሰዓት ስለምትዘገይ፣ ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ይመጣል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩም ሁለት ይላል። በውስጥ የሚቆጥረው እውነተኛው ሰዓት ስላልተነካ የምስክር ወረቀቱም አይሰናከልም። ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን እንደ እኛ ልማድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አርጀንቲና ሳታውቀው የወሎን ሰዓት ትጠብቃለች።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ፊደል ነው። «ኮምፒዩተሩ አማርኛውን በላብኝ» የሚለው አቤቱታ የተለመደ ነው። አቤቱታው አንድ ይምሰል እንጂ ሕመሙ ሁለት ነው፤ መልኩም የተለያየ ነው። በአንደኛው በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ብቻ ይታያል። በሁለተኛው በአማርኛው ቦታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደባልቆ ይታያል።

ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ቀድሞ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቦታ 256 ብቻ ነበረ። ከዚያም ላይ ኮምፒዩተሩ ለራሱ ትእዛዝ የሚያስቀራቸው ነበሩ። የአማርኛ ፊደል ዋናዎቹ ብቻ 33 በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ይተርፋሉ። ስለዚህ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ለላቲን ፊደል በተመደበው ቁጥር ላይ የአማርኛውን ቅርጽ አስቀመጡ። በዘመኑ ይህ ትልቅ ብልኀት ነበረ፤ በእርሱም ብዙ መጽሐፍና ብዙ ደብዳቤ ተጽፏል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ በውስጡ የሚያየው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። በኋላ ኤብሪማ የሚባለው ፎንት የእኛን ፊደል እንዲይዝ ሲደረግ፣ ኒያላ በዊንዶውስ 10 ላይ ፈልገው ካልጨመሩት የማይገኝ ሆነ።

እንግዲህ ሣጥን የሚታይ ከሆነ ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው፤ ፎንቱ ሲጨመር ያልቃል። የላቲን ዝብርቅርቅ የሚታይ ከሆነ ግን ጽሑፉ በአሮጌው ዘዴ የተጻፈ ነው፤ ለዚህ ኒያላን መምረጥ ምንም አይረዳም፤ የተጻፈበትን የድሮ ፎንት መልሶ መጫን ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም መለወጥ ያስፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል እንኳ አልጠፋችም። አሁን ፎርማት ምን እንደሚያደርግ አንባቢ ያስተውል። ከዊንዶውስ ጋር የማይመጣውን የድሮ ፎንት ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ፋይሉ በፍላሽ ተገልብጦ ከዳነ በኋላም በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱም ቫይረሱ አልለቀቀም ብሎ እንደገና ፎርማት ያስደርጋል። በዚህ ሕመም ረገድ ፎርማት መድኃኒት ሳይሆን አንዱ መነሻው ነው። ብዙ አሮጌ ጽሑፍ ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለው በዚህ መንገድ ይመስለናል፤ በአንድ ወቅት የጻፍነውን ለማንበብ ያቃተን እሳት ወይም ምስጥ በልቶት ሳይሆን ፎንቱ ስለ ተነቀለ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

በቦሩ ሜዳ ያለው ሆስፒታል ከጥንት ጀምሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። በቆዳ ላይ የወጣ ነጭ ምልክት ሁሉ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ሐኪሙ ቦታውን በጥጥ ነካ አድርጎ ሕመምተኛው ይሰማው እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የማይሰማው ከሆነ ያን ጊዜ ይጠረጥራል። መልክ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሐኪም ይነቀፋል፤ የኮምፒዩተር ጠጋኝን ግን ብዙ ጊዜ የሚነቅፈው የለም።

የፍላሹን ነገር ባጭሩ እንለፈው። ፍላሹ ሲከፈት ፋይሎቹ ጠፍተው በቦታቸው ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ከታዩ፣ ይህ «ሾርትከት» የሚባለው ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቋቸዋል እንጂ አልደመሰሳቸውም። ማረጋገጫውም በእጃችን ነው፤ ባዶ የመሰለው ፍላሽ ምን ያህል ቦታ እንደ ተያዘበት ቢታይ እንደ ቀድሞው ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ባዶ ነገር ቦታ አይዝም። በንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ «አትሪብ» በሚባለው ትእዛዝ ድብቅነቱ ሲነሣ ይገለጣሉ። ፍላሹን ፎርማት ያደረገ ሰው ግን ቫይረሱ ያልደፈረውን ነገር እርሱ ይፈጽመዋል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚመጣው ብልሽት ከዚህ ይከብዳል። ኮምፒዩተሩ በመጻፍ ላይ ሳለ ከተቋረጠ፣ ሲመለስ ዲስኩን ልመርምር ይላል። ይህ ምርመራ ረጅም ስለ ሆነ ባለቤቱ ቁልፍ ተጭኖ ያልፈዋል፤ በሚቀጥለው ቀንም ያልፈዋል፤ በመጨረሻ ዊንዶውስ ጨርሶ አይነሣም። ምርመራው ይጨረስ ዘንድ መተው ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ሕመሙ የጽሑፍ ሳይሆን የአካል ነው፤ ምርመራው ራሱ ሊገድለው ስለሚችል አስቀድሞ ዋና ዋናውን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይገባል። ጆሮ እዚህ ላይ ከዓይን ይበልጣል።

እስካሁን ነቀፌታችን በጠጋኙ ላይ ብቻ ያነጣጠረ መስሎ ከታየ ፍርዳችን ጎዶሎ ነው። ስርዓተ ክወናውን የሠሩት ሰዎች የሚሰጡት እርዳታም የሚነቀፍበት አለው። በዊንዶውስ ውስጥ የነበሩት ብልሽት ፈላጊ ፕሮግራሞች በኮምፒዩተሩ ላይ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን በዊንዶውስ 11 ላይ እያስቀረ ተጠቃሚውን ኢንተርኔት ወደሚፈልግ የእርዳታ ክፍል ይመራዋል። ኢንተርኔቱ የተበላሸበትን ሰው በኢንተርኔት ና ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው? በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ሲቆም የሚያሳየው ሰማያዊ ገጽ በ2025 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ 11 ላይ ወደ ጥቁር ተለውጧል፤ ከልብሱ ለውጥ በስተቀር «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚለው ዓይነት ስም በእንግሊዝኛ እንደ ሆነ ቀርቷል። ይህ ስም ግን ለሚያውቀው ሰው ትልቅ ምስክር ነው፤ ዊንዶውስ ሊነሣበት የሚገባውን ዲስክ አላገኘሁትም ማለቱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የላላ ገመድ ማጥበቅ ይበቃዋል። ጠጋኞች ቢያንስ ይህን ቃል በወረቀት ላይ ጽፈው እንዲያስቀምጡ ደንበኛው ሊጠይቃቸው ይገባል።

ለጠጋኙም የሚከራከርለት ነገር አለ። ደንበኛው የሚከፍለው ለውጤት እንጂ ለምርመራ አይደለም። ሁለት ሰዓት መርምሮ «ባትሪ ነው» ቢል፣ «ለባትሪ ነው ይህን ያህል ገንዘብ የጠየቅኸኝ?» ተብሎ ይሰደባል፤ ፎርማት ቢያደርግ ግን ዋጋው የታወቀ፣ ጊዜውም የታወቀ ነው፤ ማንም አይከራከረውም። የምርመራን ዋጋ ያላወቀ ደንበኛ መደምሰስን ይገዛል። ከዚህም ሌላ ፎርማት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ክፉ ቫይረስ በስርዓቱ ሥር ሰዶ ከገባ፣ ወይም ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ የተጫነበት ከሆነ፣ ጠራርጎ እንደ አዲስ መጫን ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ሊቃውንቱ ይስማሙበታል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ፕሮግራሞቹን አስወግዶ የባለቤቱን ፋይሎች ሳይነካ ስርዓቱን የሚያድስ መንገድ በራሱ በዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ለምን እንደማይሞከር ግን ሊገባን አልቻለም። የምንቃወመው መጨረሻ ላይ መምጣት የሚገባው ፍርድ መጀመሪያ ላይ መምጣቱን ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ማሽን የሚደረግ ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትንና ኅዳርን ያስታውስ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሰው ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከዘረፋ አልተረፈም። በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ የነበረ ነገር ከዲስኩ ጋር ሄደ፤ በፍላሽ ወይም በዘመድ ቤት ሁለተኛ ግልባጭ የነበረው ግን ከባለቤቱ ጋር ተመለሰ። ከዚያ ጥፋት የተረፈውን ጥቂት ነገር በሰላም ጊዜ፣ በገዛ ፈቃዳችን፣ ለባትሪና ለፎንት ሲባል መደምሰስ ለእኛ የሚከብድ ነገር ነው። ደግሞም ጊዜው አጣዳፊ ነው፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው ክፍል የሌላቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ወደ ዊንዶውስ 11 በደንቡ ሊሸጋገሩ አይችሉም። ስለዚህ ወደ ጥገና ቤት የሚመጣው ኮምፒዩተር እየበዛ፣ ፍርዱም እየፈጠነ እንደሚሄድ እንገምታለን።

በዚህ ምክንያት የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተማሪዎችና መምህራን አንድ አጭር የአማርኛ ወረቀት እንዲያዘጋጁ ሐሳብ እናቀርባለን። በወረቀቱ ላይ ከፎርማት በፊት ጠጋኙና ባለቤቱ አብረው የሚያዩት ይጻፍበት፤ ቀኑ ስንት ይላል፣ ፊደሉ ሣጥን ነው ወይስ ላቲን፣ የተያዘው ቦታ ምን ያህል ነው፣ ዲስኩ ይጮኻል ወይ፣ የስሕተቱ ስም ምንድን ነው፣ ፋይሉስ ወዴት ተገለበጠ። ከዚያ በታች ሁለቱም ይፈርሙበት። ጽሑፉ በድረ ገጽ ወይም በፍላሽ መሰጠት የለበትም፤ ኮምፒዩተሩ የቆመበት ሰው ሊያነበው ስለማይችል በወረቀት ታትሞ በየጥገና ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የቀኑ ቦታም ሁለት መስመር ይኑረው፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለኮምፒዩተሩ።